ሐረጎን የሚወጣ ሳይክል፦ ቀላል የኤሌክትሪክ የተራራ ሳይክል እንዴት ይመዘናል? ምኑስ ይቀየራል?

ሰሞኑን ስልኬ በጠራ ቁጥር ጥያቄው ያው ነው። አንዱ «ውጭ ያለችው እህቴ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሳይክል ልላክልህ ወይ ትለኛለች፤ እሺ ልበላት?» ይላል። ሌላው ሳይክሉ ደሴ ገብቶለታል። «አሁን ምኑን ልቀይርለት?» ይላል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ስለሆነ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መለኪያ አድርጌ እዚህ ልጻፈው። መጀመሪያ ይመዘናል፣ ቀጥሎ ይሰላል፣ መቀየር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከመቀየር ነው። ገንዘቡም እዚያው ያልቃል።

ቀላል የምንለው የቱን ነው? ክብደቱ ከ16 እስከ 19 ኪሎ የሆነውን፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ ከ35 እስከ 60 ኒውተን ሜትር፣ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ከ320 እስከ 430 ዋት-ሰዓት የሆነውን ነው። ከባዱ ወንድሙ ከ22 እስከ 26 ኪሎ ይመዝናል፤ ጉልበቱ 85 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ ባትሪውም እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከባዱ ዳገት ላይ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀላሉ የሚበልጠው ሌላ ቦታ ነው። ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ብቻችሁን ትጭኑታላችሁ። ጦሳ ተራራ ላይ እርከን ሲያጋጥማችሁ ተሸክማችሁ ታልፋላችሁ። ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ እንደ ተራ ሳይክል እየነዳችሁ ቤት ትገባላችሁ። መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሻንጣ ሚዛን፣ ወይም እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ማንኛውም የሚንጠለጠል ሚዛን
- ሜትርና በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ የብረት ማስመሪያ
- ብሩጎላ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ እንዲሁም ባለ ኮከብ ጫፍ ቁልፍ ቁጥር 25
- የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ፤ ከካርቦን የተሠራ ክፍል ካለበት ይሄ ግዴታ ነው
- የካቴና መፍቻ
- የነፋስ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕና የሾክ ፓምፕ
- የጎማ ማሸጊያ ፈሳሽ፣ የቸርኬ ቴፕ፣ የቲዩብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ) ቫልቭና የቀዳዳ መድፈኛ ገመድ
- ለጎሚስታ ፓምፕ የሚሆን የቫልቭ አስማሚ፤ ለምን እንደሆነ 6ኛው ላይ እነግራችኋለሁ
- ንጹሕ ጨርቅና አልኮል፣ የመጠጥ ቤቱ ሳይሆን የፋርማሲው
- ደብተርና እስክሪብቶ

ክፍል አንድ፦ መመዘን

1. ሳይክሉን በሚዛን ስቀሉት

አምራቹ የጻፈውን ክብደት አትመኑ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ፔዳል ሳይገጠም፣ አንዳንዴም በትንሹ መጠን የተለካ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን የመዘንኩት ሰኞ ገበያ፣ አንዲት እህል ነጋዴ ዘንድ ነው። «እትዬ፣ ይሄን ልመዝን» ስላቸው ጆንያውን አውርደው መንጠቆውን ሰጡኝ። ኮርቻውን ሰቀልነው። ወረቀቱ ላይ 17.3 ይል የነበረው መርፌው ላይ 18.6 ሆነ። ፔዳሉ፣ የውሃ መያዣው፣ የጭቃ መከላከያውና የቸርኬው ቴፕ ሲደመሩ ነው።

አራት ቁጥር ጻፉ።

- ሳይክሉ ባዶውን፣ ከፔዳሉ ጋር
- ባትሪው ብቻውን፣ የሚወጣ ከሆነ፤ የ360 ዋት-ሰዓቱ 2 ኪሎ ገደማ ነው
- እናንተ ከነልብሳችሁና ከነጫማችሁ፣ በሰው ሚዛን
- ቦርሳው ከነውሃውና ከነመሣሪያው

ለምን? ዳገቱ የሚያውቀው ድምሩን ነው። ሳይክሉን ለብቻው የሚመዝን ሰው 18 ኪሎ ያያል። ሞተሩ ግን 100 ኪሎ ነው የሚያወጣው።

2. ዳገታችሁን አስሉ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ነገር 367 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት አንድ ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ፦

ጠቅላላ ኪሎ × የዳገቱ ቁመት በሜትር ÷ 367 = ዋት-ሰዓት

ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 650 ሜትር ነው እንበል። ሰው 75፣ ሳይክል 18፣ ቦርሳ 7፤ ድምሩ 100 ኪሎ። 100 × 650 ÷ 367 = 177 ዋት-ሰዓት። ይሄ ለከፍታው ብቻ ነው። ለጎማው ሰበቃና ለነፋሱ ግማሹን ጨምሩበት፤ 265 ገደማ ይሆናል።

ይሄን ሁሉ ባትሪው አይከፍልም። እግራችሁም ይከፍላል። እኩል ከተካፈላችሁ የሞተሩ ድርሻ 130 ገደማ ነው። ሞተሩ ከሚወስደው ኃይል ሩብ ያህሉ በሙቀት ስለሚባክን ከባትሪው የሚወጣው 175 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ 360 ዋት-ሰዓት ያለው ሳይክል ሐረጎን በግማሽ ባትሪ ይወጣል ማለት ነው። ሦስት አራተኛውን ለሞተሩ ከጣላችሁበት ግን ወደ 265 ይጠጋል። ያን ቀን ደሴ ገብቶ ወደ ኩታበር መቀጠል አይታሰብም።

አሁን ክብደቱን እንየው። ብዙ ብር አውጥታችሁ ከሳይክሉ 1.5 ኪሎ ቀነሳችሁ እንበል። ከ265ቱ የምታተርፉት 4 ዋት-ሰዓት ነው። አንድ ባለ 1.5 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ደግሞ ልክ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ለውጡ ያው ነው።

የራሳችሁን መንገድ በዚሁ ቀመር አስሉ። ሐይቅ ከተማ ደርሶ መልስ ይሁን ገራዶ ወርዶ መመለስ፣ ቁመቱን ስልካችሁ ላይ ካለ የካርታ መተግበሪያ ታገኙታላችሁ። ሲወርዱ ያለውን አትቀንሱ፤ ሲወጡ ያለውን ብቻ ደምሩ።

3. ባትሪውንና ቻርጀሩን መርምሩ

«እሺ ልበላት?» ለሚለው ጥያቄ ወሳኙ እዚህ ነው።

መጀመሪያ አመጣጡ። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። ከ100 እስከ 160 ያለው ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የነዚህ ሳይክሎች ዋና ባትሪ ሁሉም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ እህታችሁ «በሻንጣ ይዤው እመጣለሁ» ካለች ሳይክሉ ያልፋል፣ ባትሪው ኤርፖርት ይቀራል። ባትሪው በአደገኛ ዕቃ ሕግ በካርጎ ነው የሚላከው፤ ሳይገዛ በፊት የሚልክ ድርጅት ይፈለግ። አንዳንዶቹ ሳይክሎች ላይ ደግሞ ባትሪው የሚወጣው ሞተሩ ሲወርድ ብቻ ነው። ይሄንንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ቻርጀሩ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነሱ። «100–240» የሚል ካለ እኛ ጋ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት አስማሚ ብቻ ነው። «120» ብቻ ካለ ግን የኛ 220 ቮልት በደቂቃ ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ ዕድሜው። ሻጩ መተግበሪያውን ከፍቶ ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተሞላና ሳይክሉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ያሳያችሁ። ይሄ በስክሪን ፎቶ ይመጣል፣ ማንም አይከለክልም። ሳይክሉ መተግበሪያው ላይ በሻጩ ስም የተመዘገበ ከሆነም ያስለቅቀው። አለበለዚያ እናንተ ስልክ ላይ አይከፈትም፤ ሰውየውም አንዴ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ላይገኝ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ጣፋጭ የመሰለ የኬሚካል ሽታ ያለው ባትሪ አይሞላም፣ አይከፈትም፣ ቤት ውስጥም አያድርም። «ሴሉን ቀይሬ እመልሰዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣም እምቢ በሉ። መቆጣጠሪያው የተነካ ባትሪ ብዙ ጊዜ ራሱን ይቆልፋል። ካልቆለፈም እሳት ሊሆን ይችላል።

4. ሞተሩን ጠፍቶም በርቶም ሞክሩት

አጥፉትና ሜዳ ላይ ንዱት፤ ቦሩ ሜዳ ለዚህ ይመቻል። ፔዳሉ ከባድ ሆኖ እንደታሰረ ከተሰማችሁ ችግር አለ። ጥሩ ቀላል ሞተር ሲጠፋ መኖሩ ብዙም አይታወቅም። ከዚያ አብሩትና ትንሽ ዳገት ላይ ሞክሩ። ሹክሹክታ ጤና ነው። መንኳኳትና መፍጨት ግን የኩሽኔታ ወይም የጥርስ ችግር ነው። በመጨረሻ የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚወዛወዝ ከሆነ ዋጋው ላይ ተደራደሩ፣ ወይ ተዉት።

የጉልበት ቁጥሮችን ማወቅም ይጠቅማል። የስፔሻላይዝድ ኤስኤል 1.1 ሞተር 35 ኒውተን ሜትር ነው፤ ተከታዩ 1.2 ደግሞ 50። የቲኪው ኤችፒአር 50 ስሙ እንደሚለው 50፣ የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ኤስኤክስ መጀመሪያ ሲወጣ 55፣ የፋዙዋ ራይድ 60 ደግሞ 60። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከ80 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው በ35ቱ ሐረጎን አዘውትሮ ለመውጣት ባይነሳ ይሻለዋል። ለከተማ ውስጥና ለሐይቅ መንገድ ግን ይበቃል።

የደሴ ከፍታ ሞተሩን አይጎዳውም። ቤንዚን አይደለም፤ አየር ሲሳሳ አይደክምም። የሚደክመው ሰው ነው። ከቆላ ለምትመጡ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሞተሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት፣ ምንም ነውር የለውም።

ክፍል ሁለት፦ መቀየር

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ሾክ፣ ክብደት። በዚሁ ተራ ሂዱ። ገንዘቡ ሁለተኛው ላይ ቢያልቅ እንኳ አስፈላጊው ተሠርቷል።

5. ፍሬን

ሽቅብ 650 ሜትር የወጣ 100 ኪሎ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም። እነዚህ መሐል ላይ የሚገጠሙ ሞተሮች ሲወርዱ ባትሪ አይሞሉም። ስለዚህ ያ 177 ዋት-ሰዓት በሙሉ፣ ነፋስና ጎማ ከሚወስዱት በቀር፣ ሙቀት ሆኖ ሁለት ስስ ዲስክ ላይ ያርፋል።

ቀላል ሳይክል ላይ አምራቹ ክብደት ለመቆጠብ ትንሽ ፍሬን ይገጥማል፤ ባለ ሁለት ፒስተንና ባለ 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ። አንድ ቀን በዚያ ከሐረጎ ስወርድ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ። ሁለት ኩርባ እንዳለፍኩ የፊቱ እጀታ እስከ ማኑብሪው ገባ። ይጨበጣል፣ ግን አይዝም። በኋላ ፍሬን ብቻ እየተንፏቀቅኩ የመንገዱን ዳር ያዝኩ። ዲስኩን ሳየው ሰማያዊ ሆኗል። ሃይላንዴ ላይ የቀረችውን ውሃ ጠብ ባደርግበት ጭስ ሆና ተነሳች። ያን ቀን ኤፍኤስአር ከኋላዬ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍላችሁም ነበር።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. የፎርኬላውን ከፍተኛ የዲስክ መጠን እዩ። ብዙ ጊዜ እግሩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ከፈቀደ ፊት ለፊት 200 ወይም 203 ግጠሙ። ከነአስማሚው ከመቶ ግራም ያነሰ ይጨምራል። ይጨምር።

ለ. የፍሬን ሸራውን ከሬዚን (ከሙጫ መሳይ ነገር ከተሠራው) ወደ ብረት ቀይሩ። የብረቱ ሸራ ሙቀት ይችላል፣ ጭቃ ላይም ቶሎ አያልቅም። ከመቀየራችሁ በፊት ዲስኩን አንብቡ። «ለሬዚን ሸራ ብቻ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ከተቀረጸበት ዲስኩም አብሮ ይቀየራል፤ አለበለዚያ የብረቱ ሸራ ይበላዋል።

ሐ. ዲስኩን በአልኮል ጥረጉና አዲሱን ሸራ አለማምዱት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ ወደ እግር ርምጃ ፍጥነት አዝግሙ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ይሄን 20 ጊዜ ያህል፣ ፊትና ኋላውን ለየብቻ። ምክንያቱም ሸራው ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን ካልቀባ አይነክስም፣ ይጮኻልም።

መ. የዲስኩን ውፍረት በማስመሪያ ሳይሆን በትክክለኛ የውፍረት መለኪያ ካሊፐር ለኩ። የሺማኖ ዲስክ አዲሱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። 1.5 ሲደርስ ይጣላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የፍሬን ዘይት አይቀላቀልም። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች በማዕድን ዘይት ይሠራሉ። ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች ደግሞ ዶት በሚባለው የፍሬን ዘይት ነው፤ አንዳንድ አዳዲሶቹ ግን በማዕድን ዘይት። የፍሬኑ ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ተጽፏል። የመኪና ጋራዥ ውስጥ ያለው ዶት ነው። የማዕድን ዘይት የሚፈልግ ፍሬን ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ይገድለዋል።

6. ጎማ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐይቅ ስትወርዱ ግራሩ ይጀምራል። የግራር እሾህ ስስ ጎማ አይምርም። ቀላል ሳይክል ላይ የሚገጠመው ደግሞ ስስ ጎማ ነው፤ እዚህም አምራቹ ግራም ቆጥቧል።

ከመነዳሪውን አውጡና ቲዩብለስ አድርጉት። የ29 ኢንች ከመነዳሪ 200 ግራም ይበልጣል፤ ፈሳሹ ከ100 እስከ 120 ግራም ነው። እንዲያውም ትቀልላላችሁ።

ሀ. ቸርኬውን በአልኮል አጽዱ። ቴፑን እየወጠራችሁ አንድ ዙር ተኩል ጠቅልሉ። የተጨማደደ ቦታ ካለ ነፋስ የሚወጣው በዚያ ነው።

ለ. ቫልቩን አስገቡ፣ በእጅ ብቻ አጥብቁ። ፒንሳ አትጠቀሙ፤ መንገድ ላይ መፍታት ይቸግራል።

ሐ. ጎማውን ግጠሙ፤ የመጨረሻውን አንድ ስንዝር ሳትከድኑ ፈሳሹን አፍስሱ። ለ29 በ2.4 ጎማ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር።

መ. ነፋስ። የእጅ ፓምፕ ብዙ ጊዜ አያስቀምጠውም፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። የሱ ጫፍ ግን የመኪና ቫልቭ ነው፣ የሳይክላችሁ ቫልቭ ቀጭን ነው። አስማሚው ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሁለት ግዙ፣ አንዱ ይጠፋል። ጎሚስታውን «ወንድሜ፣ ጠብ ጠብ እያደረግህ» በሉት። ጎማው ቸርኬው ላይ ጧ ጧ ብሎ ሲቀመጥ ይብቃ። የቸርኬውና የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ አትለፉ። ከሁለቱ ትንሹ ነው ገዢው።

ሠ. ሳይክሉን እያገላበጣችሁ ፈሳሹን በየጎኑ አዳርሱ። ከዚያ ትንሽ ንዱት።

የመንጃ ነፋስ ለ75 ኪሎ ሰው ፊት 22፣ ኋላ 25 ፒ.ኤስ.አይ ላይ ጀምሩ። ለአስፋልት ጥቂት ጨምሩ። እሾህ ሲወጋችሁ ንቀሉትና ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ ቁሙ፤ ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል። ካልደፈነ የመድፈኛ ገመዱን ክተቱበት።

ፈሳሹ በጥቂት ወራት ይደርቃል። በበጋ በየሁለት ወሩ ጎማውን አነቃንቁት፤ ውስጡ ሲንቦጫረቅ ካልተሰማ ጨምሩ። ፈሳሽ የማታገኙ ከሆነ ግን ቲዩብለሱን ተዉት። ወፍራም ጎማና ወፍራም ከመነዳሪ ግጠሙ። ከባድ ነው፣ ግን ማንም ጎሚስታ ይለጥፈዋል።

7. ማርሽ

ቀላል ሞተር ጉልበቱ ያለው መሽከርከር ላይ ነው። ፔዳሉ ቀስ ሲል ሞተሩ ደካማ ይሆናል፣ ይሞቃል፣ ባትሪም ያባክናል። የቦሽ ኤስኤክስ እስከ 600 ዋት ይሰጣል፤ ግን ፔዳሉ በፍጥነት ሲዞር ብቻ። ስለዚህ የሚያስፈልገን ዳገት ላይ በደቂቃ 75 ዙርና ከዚያ በላይ የሚያስዞር ማርሽ ነው።

ቁጥሩን እንዲህ ታገኛላችሁ፦ የፊት ጥርስ ÷ የኋላ ትልቁ ጥርስ × 2.3 ሜትር። 2.3 የ29 ኢንች ጎማ ዙሪያ ነው። 34 ፊት፣ 42 ኋላ ከሆነ አንድ የፔዳል ዙር 1.86 ሜትር ያስኬዳል። በ75 ዙር በሰዓት 8.4 ኪሎ ሜትር ነው። የጦሳን ጥርጊያ በዚህ ፍጥነት ልውጣ ካላችሁ ትንፋሽ ያልቃል። 32 ፊት፣ 51 ኋላ ከሆነ 1.44 ሜትር፣ በሰዓት 6.5 ነው። ይሄ ይወጣል።

ርካሹ መንገድ የፊቱን ጥርስ መቀነስ ነው። ከ34 ወደ 32 ወይም 30። ካሴቱን፣ ማለትም የኋላውን የጥርሶች ስብስብ፣ መቀየር ውድ ነው፣ አንዳንዴም ማርሽ ቀያሪውንም ያስቀይራል። የፊቱን ጥርስ ስትገዙ የሞተሩን ስም ጥቀሱ፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም።

ካቴናውን በየወሩ ለኩ። ከአንድ ፒን መሐል ጀምራችሁ 24 ጉንጉን ቁጠሩ፤ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ሲደርስ ቀይሩ። ከዘገያችሁ ካሴቱን አብሮ ይበላዋል፤ ካሴት ደግሞ የካቴና ብዙ እጥፍ ዋጋ ነው።

8. ሾክ

አጭር ነው። ቦርሳችሁን ተሸክማችሁ ተቀመጡ። የኋላው ሾክ ሊሰምጥ ከሚችለው ርዝመት ከ25 እስከ 30 ፐርሰንት፣ የፊቱ ከ15 እስከ 20 ይስመጥ። በሾክ ፓምፕ አስተካክሉ። ያለ ቦርሳ የተስተካከለ ሾክ ገበያ ውላችሁ ስትመለሱ ይደፋል።

9. ክብደት፣ በመጨረሻ

አሁንም ገንዘብ ከተረፈ ለእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋውን ለሚቀንሰው ግራም አካፍሉ። ትንሹ ቁጥር መጀመሪያ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ቲዩብለስ፣ ኮርቻ፣ ፔዳል፣ ማኑብሪ፣ ቸርኬ ነው። ቸርኬ ውድ ነው፤ ግን መነሳት ላይ ይሰማል፣ የሚዞር ክብደት ነውና። የታይታኒየም ቡሎን ደግሞ አትግዙ። በሙሉ ተደምሮ የአንድ ብርቱካን ያህል አይቀንስም።

ከሁሉ በፊት ግን ቦርሳውን አራግፉ። ሐረጎ ላይ ውሃ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ሦስት ሊትር ከታች ተሸክሞ መውጣት ለምን? ገጠር ለገጠር ከሆነ ግን ውሃችሁን ያዙ፤ እዚያ ላይ አትቆጥቡ።

10. አጠባበቅ

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ነው ቻርጀር የሚያቃጥለው። ስታቢላይዘር ካላችሁ በሱ በኩል አድርጉት።

ከኮምቦልቻ ሙቀት እንደገባችሁ ወዲያው አትሙሉ። አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ክረምቱን በሙሉ የማትነዱ ከሆነ ከ30 እስከ 60 ፐርሰንት አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ሞልቶም ባዶውንም መክረም ባትሪውን ያረጀዋል።

ላቫጆ አትውሰዱት። የላቫጆው ውሃ ግፊቱ የሞተሩን ጎሚኒ አልፎ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ የሚጠግነውም የለም። በበልግና በክረምት ዋልካ ሲይዝባችሁ መጀመሪያ ይድረቅ፣ በእንጨት ፈግፍጉ፣ ከዚያ በባልዲና በብሩሽ እጠቡ። የቻርጅ መሰኪያው ክዳን መዘጋቱን አስቀድማችሁ እዩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የፍጥነት ገደቡን ማስከፈት። የአውሮፓው ሞተር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እርዳታውን ያቆማል። ዳገት ላይ የምንሄደው በ8 ነው። ምንም አይጨምርላችሁም። ዋስትናውን ግን ያሳጣል።
- ፍሬኑ ሲጮህ ዘይት መርጨት። ዝም ይላል፣ አይዝምም። ሸራው ይጣላል።
- ከሐረጎ ላይ እስከ ታች ፍሬኑን ይዞ መውረድ። ኩርባው ሳይደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ።
- የሚወርደውን የኮርቻ ምሰሶ በተራ ምሰሶ መቀየር። 400 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ሆዳችሁ ማኑብሪው ላይ ይደርሳል።
- የሌላ ድርጅት ባትሪ መግዛት። መሰኪያው ቢመሳሰልም ሞተሩ አያውቀውም።
- ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር። አንዱን ቀይሩ፣ ያንኑ መንገድ ሂዱ፣ ኮምቦልቻ ስትነሱና ደሴ ስትገቡ የባትሪውን ፐርሰንት ደብተሩ ላይ ጻፉ። ስሌቱ ግማሽ ብሎ ባትሪው ሦስት አራተኛውን ከበላ መጀመሪያ የጎማ ነፋሱን፣ ቀጥሎ ዲስኩን የሚነካ ሸራ እንዳለ እዩ። ጎማውን አንሱና በእጅ አዙሩት፤ ሽው ሳይል ቶሎ የሚቆም ከሆነ ባትሪያችሁን የሚበላው እሱ ነው።